እናቴን ከወደቡ ይወስዱብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ እናቴ ከጎርጎራ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ትመላለሳለች። ባለፈው ጉዞዋ የጤና ባለሙያዎች ኮሌራን ለመቆጣጠር የሚወርዱትን መንገደኞች እያስቆሙ ግንባራቸውን በመሣሪያ ይለኩና ስለ ተቅማጥ ይጠይቁ ነበር። አንድ አዛውንት ነጥለው ሲወስዱም አይታለች። እርሷም ሆዷን አሟት ስለ ነበር ቴትራሳይክሊን የተባለውን ጸረ ተሕዋስ መድኃኒት ልኬላት፣ እንዳይብስባትም ውሃ እንዳትጠጣ ነግሬያት፣ ሲጠይቋት “ደህና ነኝ” ብላ አለፈች። አሁን ደግማ ልትመጣ ነው። መሣሪያው ዓይንና ጭንቅላት ይጎዳል የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ፦ መሣሪያው አይጎዳም። ከግንባር የሚወጣውን ሙቀት ተቀብሎ ይለካል እንጂ ወደ አንጎል የሚልከው ነገር የለም። ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግንባር ግን ከእውነተኛው ሙቀት በላይ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ጥላ ሥር ጥቂት ዐርፎ እንደ ገና መለካትን መጠየቅ ይቻላል።

ከደብዳቤዎ እንደ ተረዳሁት ግን ያስጨነቀዎ እናትዎን ነጥለው ይወስዱብኛል የሚለው ሥጋት ነው። ሥጋቱ ይገባኛል፤ ሆኖም ትኩሳት የተገኘበት ሁሉ ኮሌራ አለበት አይባልም። እንዲያውም ኮሌራ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ ከደንቢያ ወይም ከፎገራ የመጣ ሰው ሲያተኩሰው አስቀድመን የምናስበው ወባን ነው፤ ይህም ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ይለያል። ስለ ተቅማጥና ስለ ትውከት፣ ባለፉት 5 ቀናት የት እንደ ነበሩ የሚጠየቀውም የኮሌራ ምልክት ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚታይ ነው። የታመመው ሰው ተለይቶ የሚታከመው እንዲድንና በሽታው ወደ ቤተሰቡ እንዳይተላለፍ ነው፤ በወቅቱ ከታከሙት ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞትም። በባሕር ወደቦች የመርከብ ተሳፋሪዎች የሚመረመሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብም የተጓዡ ክብር እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ በሐይቅ ወደብም ቢሆን እናትዎ ከዚህ ያነሰ አክብሮት አይገባቸውም።

አሁን ውሃ መከልከልዎን ላንሣ፤ ይህን ሳነብ ደንግጫለሁና። “ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ ከጠጣ ይብስበታል” የሚለው እምነት በሐይቁ ዳርቻ ሁሉ ሥር የሰደደ ነው፤ ተቅማጥ ያለበትን ሕፃን ጡት የሚነሡ እናቶችንም አሁን ድረስ አያለሁ። ተቅማጡ የሚወጣው ከጠጡት ውሃ አይደለም። የኮሌራ ተሕዋስ የሚያመነጨው መርዝ አንጀት የሰውነትን ውሃና ጨው ወደ ውጭ እንዲያፈስ ያደርገዋል፤ በጠናበት ሰው ይህ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊደርስ ይችላል። እርስዎ ውሃ ቢከለክሉም ተቅማጡ አይቆምም፤ ደሙ ይወፍራል፣ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፣ ሰውየውም በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሚገድለው የውሃው ማለቅ ነው! ስኳርና ጨው በልኩ ሲቀላቀሉ ግን አንጀት ውሃውን መልሶ ይቀበላል። ስለዚህ አንዱን የኦአርኤስ (የተመጠነ የስኳርና የጨው ዱቄት) ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በየጥቂቱ ያጠጧቸው፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉት። ኦአርኤስ ከታጣ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ቢያስመልሳቸውም 10 ደቂቃ ቆይተው ይቀጥሉ።

ቴትራሳይክሊኑን በተመለከተ ግን አላባብልዎትም። ያለ ምርመራ መስጠትዎ ስሕተት ነበር፣ ምልክቱን እንዲደብቁ ማድረግዎ ደግሞ ከዚያ የከፋ። መድኃኒቱ የፈሰሰውን ውሃ አይተካም፤ በዘፈቀደ ሲወሰድ ተሕዋሱ እንዲለምደው ያደርጋል፣ ምርመራውንም ያሳስታል። ጸረ ተሕዋስ የሚያስፈልገው በሽተኛ አለ፤ ያንን የሚወስነው ያያቸው ባለሙያ ነው።

እናትዎ ያን ጊዜ በሰላም ማለፋቸው ደስ ይለኛል፤ አብዛኛው የሆድ ሕመምም ኮሌራ አይደለም። ለአሁኑ ጉዞ የፈላ ወይም ውሃ አጋር በተባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን የታከመ ውሃ በጀሪካን ይያዙ፤ ከጣና በጣሳ ቀድተው አይጠጡ። ሩዝ የታጠበበት ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከጀመራቸው፣ ዓይናቸው ከጎደጎደ ወይም ሽንታቸው ከቀረ ማደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው። ጀልባው ላይ ሳሉ ከጀመራቸውም ለነጂው ይንገሩ፣ ወደቡ እስኪደርስ ሳይጠብቁም ኦአርኤሱን መጠጣት ይጀምሩ።