ለክርስትናው ድግስ በካርድ እንበደር? አሥራቱንስ ለጊዜው እናቁም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኡበር ይነዳል። ኡበሩን ሳንጨምር የሁለታችን ደሞዝ ግብር ተቆርጦለት በወር 5,600 ዶላር ነው። ኪራይ 2,100፣ መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት 330፣ አስቤዛ ከነዳይፐሩ 750፣ መኪና ከነኢንሹራንሱና ነዳጁ 780፣ ለቤተሰብ የምንልከው 400፣ አሥራት 560 ይሆናል። በሁለት ክሬዲት ካርድ 6,000 ዶላር ዕዳ አለብን፤ የሁለቱም ወለድ በዓመት 24 በመቶ ነው። በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ 180 ዶላር እንከፍላለን፤ ሌላው የት እንደሚገባ አናውቅም። አሁን ሴት ልጅ ወልደናል፣ ለሰማንያ ቀኗ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ሕፃኗን ትይዝልናለች። ዘመድ ግን «አዳራሽ ተከራዩ፣ ካልቻላችሁ እስከ ሰመር አቆዩት» ይለናል። ድግሱ 4,500 ዶላር ይጠይቃል። በካርድ እንክፈለው? ዕዳው እስኪያልቅ አሥራት ብናቆምስ? ባለቤቴ ደግሞ እሑድ ጠዋትም ልንዳ እያለ ነው። «ለነገ አትጨነቁ» የተባልን ሰዎች ገንዘብ ማስቀመጣችንስ እምነት ማጣት አይሆንብንም?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ቀን የተቆረጠለት ክርስትናው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ጥምቀቱን አታስተላልፉ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መጠመቅ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። አባቶቻችን ይህን ሲያስተምሩ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ከሚናገረው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር ያያይዙታል። ልጅሽ የሥላሴን ልጅነት የምታገኘው በጥምቀት ነው፤ አዳራሹ ለዚህ አንዳች አይጨምርላትም። ለአዳራሽ ሲባል ሕፃንን ከጸጋ ማዘግየት ደግሞ ከወጪው የከፋ ጉዳት ነው፣ ይህን ለዘመዶችሽ በግልጽ ንገሪያቸው። የሚያስፈልጋችሁ ሃይማኖቷን የምታውቅ የክርስትና እናት፣ ንጹሕ ነጭ ልብስና ማተብ ነው። ዛሬውኑ ወደ ቤተ ክርስቲያናችሁ ደውላችሁ ቀኑን አስመዝግቡ።

እንግዳ መቀበል መልካም ነው፣ አልከለክልም። ጠበል ጸዲቅ አድርጉት። ለ40 ሰው በነፍስ ወከፍ ሁለት እንጀራ ብትይዙ 80 እንጀራ ነው፤ ሦስት ዓይነት ወጥ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ ቡና። «ምን ይዤ ልምጣ?» ለሚል ዘመድ «አንድ ድስት ወጥ» በሉት፤ ሕፃኗ ደግማ ለማትለብሰው ቀሚስ ከሚያወጣ ይህ ይረዳችኋል። ቀኑ ጾም ከሆነ ማዕዱም የጾም ይሁን። በጀቱን 500 ዶላር ላይ ወስኑና በጥሬ ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ባለቤትሽ በአምስቱ ሳምንት ቅዳሜ ከሚሠራው ይሞላል።

አሁን ደግሞ 4,500ውን በካርድ ብትከፍሉት የሚሆነውን ተመልከቺ። 24 በመቶ በዓመት ማለት በወር 2 በመቶ ገደማ ነው። ዛሬ ባለባችሁ 6,000 ላይ በመጀመሪያው ወር ብቻ 120 ዶላር ወለድ ይታሰባል። ከምትከፍሉት 180 ውስጥ ዕዳውን የሚነካው 60 ዶላር ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ከፍላችሁ ከፍላችሁ የማይጎድለው። ካርዱን ሳትነኩት በየወሩ 300 ብትከፍሉ በ26 ወር ይዘጋል፣ በጠቅላላው 7,740 ገደማ ትከፍላላችሁ። ድግሱ ተጨምሮበት ዕዳው 10,500 ቢሆን ግን በዚያው 300 ዶላር 61 ወር ይፈጃል፣ የምትከፍሉትም 18,240 ገደማ ይደርሳል። የሁለቱ ልዩነት 10,500 ዶላር ነው። የአንድ ቀን ድግስ ከተባለው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ ሕፃኗም አምስት ዓመት አልፏት ክርስትናዋ ገና እየተከፈለ ነው ማለት ነው። ካርዶች ወለድ የሚያስቡት በየቀኑ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። «ተበዳሪም የአበዳሪ ባሪያ ነው» የሚለው የምሳሌ 22፥7 ቃል በዚህ አገር በየወሩ በፖስታ ይመጣል።

ስለ ማስቀመጥ የጠየቅሽውን ጌታችን ራሱ ይመልስልሻል። «ለነገ አትጨነቁ» ያለው እርሱ፣ ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቆጥር በሉቃስ 14፥28 አስተምሯል። አምስት ሺህ ሰዎችን ከመገበ በኋላም የተረፈው ቁርስራሽ እንዳይጠፋ አዝዟል (ዮሐ. 6፥12)። እንጀራን ከጥቂት ማብዛት የሚችለው ጌታ ፍርፋሪ አሰበሰበ! ዮሴፍም በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አንድ አምስተኛውን አስቀመጠ፣ በዚያም ብዙ ሕዝብ ከረሃብ ዳነ። ክርስቶስ የነቀፈው ጎተራውን አስፍቶ «ነፍሴ ሆይ ብዪ፣ ጠጪ» ያለውን ሰው ነው፤ ያ ሰው ለድሃ አላሰበም፣ ለነፍሱም አላሰበም። ሐዋርያው በኤፌሶን 4፥28 ሰው በእጁ የሚደክመው ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው ይላል። ስለዚህ ስታስቀምጪ ለምን እንደምታስቀምጪ ነው የሚጠየቀው። ለሚመጣ ችግር፣ ለልጅሽ፣ ለተቸገረ የሚሆን ከሆነ ሥራሽ የዮሴፍ ሥራ ነው።

በዕዳ ለተያዘ ቤት ደግሞ ከ2ኛ ነገሥት 4 የሚበልጥ ምክር አላውቅም። ባሏ የሞተባት ሴት አበዳሪው ልጆቿን ሊወስድባት ሲመጣ ኤልሳዕ ያላትን አስቆጠራት፤ አንድ ማሰሮ ዘይት ነበራት። ዘይቱ በተአምር ከበዛ በኋላ ያላትን ቅደም ተከተል አስተውዪ፦ ሽጠሽ ዕዳሽን ክፈይ፣ ከተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ። ተአምር የተደረገላት ሴት እንኳ መጀመሪያ ያላትን ቆጠረች፣ ቀጥሎ ዕዳዋን ከፈለች።

እናንተም ቁጠሩ። የዘረዘርሽው ወጪ ሲደመር 4,920 ዶላር ነው፤ ከ5,600 ላይ 680 ይተርፋል። 180ው ለካርድ ይሄዳል። 500ው በየወሩ ይጠፋል ማለት ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት የባንክና የካርድ መግለጫ አትማችሁ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት፣ እያንዳንዱን መስመር በእስክሪብቶ ለዩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትልቅ ነገር አይደለም። የተረሱ ወርኃዊ ክፍያዎች፣ በስልክ የታዘዘ ምግብ ከነማድረሻውና ከነቲፑ፣ ማድረሻው ነፃ እንዲሆን ብቻ የተጨመረ ዕቃ፣ ዘግይቶ የመክፈል ቅጣት ናቸው። በተለይ «በአራት ክፍያ» የሚባለውን ግዢ ፈልጉ። 100 ዶላሩን 25 አስመስሎ ያሳያል፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ራሱ ከሂሳብ ይቆርጣል። አራት አምስቱ ሲደራረቡ ከኪራይ ቀን ጋር ይገጣጠሙና ሂሳቡ ባዶ ሲሆን ባንኩ ደግሞ ቅጣት ይጨምራል።

ከዚያ 680ውን እንዲህ ደልድሉት፦ 300 ለካርድ፣ 200 ለመጠባበቂያ፣ 100 ለዓመት በዓልና ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለኀዘን የሚሆን ሣጥን፣ 80 ሳይታሰብ ለሚመጣ። መጠባበቂያውን ዕዳ እያለ ለምን ትይዙታላችሁ ብትዪኝ፣ መኪናው በተበላሸ ቀን ወደ ካርዱ እንዳትመለሱ ነው፤ ዕዳን ብቻ ሲከፍሉ ቆይተው የሚወድቁት አብዛኞቹ የሚወድቁት በዚህ ነው። በአምስት ወር 1,000 ሲሞላ አቁሙና 200ውን ወደ ካርዱ አዙሩት፤ በወር 500 ሲከፈል 26 የነበረው ወር ወደ 17 ይወርዳል። የሁለቱ ካርዶች ወለድ እኩል ስለሆነ ለአንዱ ዝቅተኛውን እየከፈላችሁ ትንሽ ዕዳ ያለበትን አስቀድማችሁ ዝጉ። ወለዳቸው ቢለያይ ኖሮ ከፍተኛ ወለድ ካለው ጀምሩ እል ነበር።

እስከዚያው ካርዱን ለአስቤዛ እንኳ አትጠቀሙበት። ያለፈ ዕዳ ያለበት ካርድ የክፍያ እፎይታውን ስለሚያጣ ዛሬ የገዛሽው ሽንኩርት ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። ቁጥሩንም ከስልኩና ከመግዣ ገጾቹ ሁሉ አጥፉ። ዕዳውን ለ12 ወይም ለ18 ወር ያለ ወለድ ወደሚይዝ ካርድ ማዛወር ይቻላል፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ማዛወሪያ ያስከፍላል፤ ለ6,000 ከ180 እስከ 300 ዶላር ማለት ነው። ይጠቅማል፣ ግን አሮጌዎቹ ካርዶች ባዶ ሲሆኑ እንደገና ከተሞሉ ዕዳው ሁለት ይሆናል። ራሳችሁን ካላመናችሁ አታድርጉት።

እቁብ እንግባ ወይ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አሥር ሰው በወር 300 የሚጥልበት እቁብ 3,000 ይሰጣል። ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከደረሳችሁ ያለ ወለድ የተገኘ ገንዘብ ነው፣ ያን ዕለት ካርዱ ላይ ይዋል። አሥረኛ ላይ ከደረሳችሁ ግን ያው 300 በየወሩ ካርዱ ላይ ቢውል ኖሮ ከምታተርፉት 285 ዶላር ገደማ አጥታችኋል። ዳኛው ቀዳሚ ዕጣ እንዲሰጣችሁ ካልተስማማ ዕዳው ካለቀ በኋላ ግቡ። ቀድሞ የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው መጣል አለበት፤ የሰውን እቁብ በልቶ መቅረት ስርቆት ነው።

ወደ አሥራቱ ልምጣ። አታቁሙ። አሥራት የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ ኑሮ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነስ ከሆነ እግዚአብሔርን ከካርዱ ኩባንያ በታች አስቀምጠነዋል ማለት ነው። ደግሞ ከላይ እንዳየሽው ዕዳችሁን ያመጣው አሥራቱ አይደለም፣ ሳታቋርጡትም ይከፈላል። ከአሥራት በላይ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። በገቢ ማሰባሰቢያ መርሐ ግብር ላይ ስም እየተጠራ፣ ጭብጨባ እየተሰማ፣ የሌለ ገንዘብ ቃል መግባት፣ ከዚያም በካርድ መክፈል ተገቢ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ሲሰጥ ነው እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም ይላል (2ኛ ቆሮ. 8፥12)። ይህን ስል እኛ አገልጋዮችም ምእመናንን በዚህ መንገድ እንዳንጨንቅ ማሰብ እንዳለብን አውቃለሁ። ቀድሞ የተሳላችሁት ስእለት ካለ ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ በየወሩ እየከፈላችሁ ፈጽሙት፤ ስእለት ቀልድ አይደለም።

ጾሙን በሚመለከት አንድ ነገር ላስገባ። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በሥርዓቱ ከተጾመ የአስቤዛ ወጪ ይቀንሳል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች ርካሽ ነው። በዚህ አገር ግን የጾም አይብ፣ ሥጋ የሚመስል የአኩሪ አተር ምግብ፣ የለውዝ ወተትና የጾም ኬክ ተገዝቶ የጾም ወር ከፍስክ ወር የበለጠ የሚያስወጣበት ቤት አለ። ያ ጾም ሥጋን አላደከመም፣ ድሃንም አልጠቀመም። በጾም ወር ያወጣችሁትን ከፍስኩ ወር ጋር አስተያዩ። የተረፈውን ወደ ዕዳ አታዙሩት፤ በኢሳይያስ 58፥7 እንደተጻፈው የተራበው ሰው እንጀራ ነው። 60 ዶላር ቢሆን እንኳ ለተቸገረ ስጡት።

ለቤተሰብ የምትልኩትን 400 አትቀንሱ፣ ነገር ግን ወስኑት። በሳምንት በሳምንት ከመላክ በወር አንድ ጊዜ መላክ የመላኪያውን ክፍያ ያሳንሳል። ኩባንያ ስታወዳድሪ ክፍያውን ብቻ አትዪ፤ «መላኪያ ነፃ» የሚለው ብዙ ጊዜ ከምንዛሪው ላይ ይቆርጣል፣ ስለዚህ 400 ዶላር ስንት ብር ሆኖ እንደሚደርስ ጠይቂ። አገር ቤት ላሉትም ዕዳ እንዳለባችሁ ንገሯቸው። አሜሪካ ያለ ሰው ገንዘብ የማይጎድለው እየመሰላቸው የሚጠይቁት እኛ እውነቱን ስለማንነግራቸው ነው፤ ለጀነሬተርና ለአዲስ ስልክ የሚላከው ከሆስፒታልና ከትምህርት ቤት ወጪ ጋር አንድ ሆኖ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው።

የባለቤትሽን ነገር በሁለት ከፍዪው። ደሞዛችሁ ግብሩ ተቆርጦለት ይመጣል፣ የኡበሩ ግን አይቆረጥለትም። ለራሱ እንደሚሠራ ሰው የገቢ ግብሩ ሳይቆጠር ከትርፉ 15.3 በመቶ ገደማ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ይጠየቃል። ነዳጅ ከተቀነሰ በኋላ ከሚቀረው ሩቡን በዚያው ሌሊት ወደ ሌላ የቁጠባ ሂሳብ ያዛውር፣ የነዳውን ማይል በየቀኑ ይመዝግብ፤ በሩብ ዓመት የሚከፈለው ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ነው። ሳያስቀምጥ ቀርቶ በኤፕሪል የሚመጣው ዕዳ እንደገና ካርድ ላይ እንዳይወድቅ። አሥራቱንም ከኡበሩ ሲያወጣ ወጪውና ግብሩ ከተነሣ በኋላ ከቀረው ያውጣ።

እሑድ ጠዋት ግን አይንዳ። ከላይ እንዳሰላነው ዕዳው ያለ እሑድ ጠዋቱ በ17 ወር ያልቃል፤ ስለዚህ ችግሩ ቅዳሴን የሚያስቀር አይደለም። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ይጨምር። የልጃችሁ ክርስትና ዕለት ሁለታችሁም ተዘጋጅታችሁ ከእሷ ጋር ሥጋ ወደሙን እንድትቀበሉ በእነዚህ አምስት ሳምንታት ውስጥ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ ስትሄዱ ያንን የተሰመረበትን የሦስት ወር መግለጫም ይዛችሁ ሂዱ።