ከቀኑ 8 እስከ 12 ሰዓት፦ ጫት ለመተው ለወሰናችሁ የጎንደር ልጆች

ልጆቼ፣ ጫት ባቆማችሁ ሰሞን ስለ ሕይወታችሁ የሚመጣባችሁን ሐሳብ አትመኑት። «ያለ ጫት ማንበብ አልችልም»፣ «ከእንግዲህ ደስ የሚለኝ ነገር የለም» የሚያሰኛችሁ የደከመ አንጎል ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን በብዛት ያስለቅቅ ነበር። እሱ ሲቋረጥ አንጎል ወደ ራሱ ልክ እስኪመለስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። ድብርት፣ ንጭንጭ፣ የእንቅልፍ ብዛትና ዱካክ የሚጠበቁ ናቸው። ስለዚህ ከሐሳባችሁ ጋር መሟገቱን አቆዩትና መጀመሪያ ሰውነታችሁን ጠግኑ።

መጠጥ ግን ሌላ ነው። በየቀኑ አረቄ ወይም ብዙ ቢራ የሚጠጣ፣ ጠዋት የእጁን መንቀጥቀጥ በመጠጥ የሚያስታግስ ልጅ ብቻውን በአንዴ አያቁም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ከማቆማችሁ በፊት ሂዱ። በሐኪም ክትትል መጠኑ ደረጃ በደረጃ የሚቀነስ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል። ጸበል የምትጠመቁም ብትሆኑ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ወደ ጫቱ ልመለስ። የቃሚ ክፉ ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፣ ከቀኑ 8 እስከ 12። ሐራራው ከፍ ይልና ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ክፍል ዘግታችሁ ከጠበቃችሁት ግን ይረዝማል። ስለዚህ የነገውን 8 ሰዓት ዛሬ ማታ ወስኑት፦ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን እየሠራችሁ። ከፒያሳ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደርሶ መመለስ ይበቃል፤ ጉልበት ያላችሁ የጎሃን ዳገት ውጡ። በእግር ስትሄዱ በጫት ቤቱ በር የማያሳልፈውን መንገድ ምረጡ፣ ቢረዝምም። ጉንጫችሁ ባዶ ሲሆን እጃችሁ ሲጋራ ይፈልጋል፤ ኪሳችሁ ውስጥ የገብስ ቆሎ ይኑር።

ጓደኛ ሲደውል «ሆዴን አሞኛል» አትበሉ፤ ነገ ተሻለህ ወይ ብሎ ይመጣል። «ትቻለሁ» በሉትና ዝጉት። ከቤት ብር የሚላክበት ወይም ደመወዝ የሚገባበት ቀን ከሁሉም ይከፋል። ለመጀመሪያው ወር ገንዘባችሁን እናታችሁ ወይም የምታምኑት ታላቅ ይያዝላችሁ። ይህ ውርደት አይደለም።

ጫት ሆድ ዘግቶ ነበር፤ አሁን ርሃቡ ይመለሳል፣ ኪሎም ትጨምራላችሁ። ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ፤ በሶ ይበቃል። ምሳ ላይ ሽሮ ወይም ምስር ከጎመን ጋር ብሉ፤ ጫት ያመጣው የሆድ ድርቀትም የሚለቀው በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በብዙ ውኃ ነው። ብዙ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ ግን ጾሙ ነው። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ርሃቡን ልክ ከክፉው ሰዓት ጋር ያገናኘዋል። ለንስሐ አባታችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች። ቡናም ከ6 ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ከጠጣችሁ 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ነው።

ዱካክ ብዙዎችን አስደንግጦ ወደ ቅጠሉ ይመልሳል። ደረት ላይ የሚቀመጥባችሁ ምንም የለም፤ አእምሮ ከጡንቻ ቀድሞ ነቅቶ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። በጀርባችሁ አትተኙ፣ በጎን ተኙ፤ አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ የለመዳችሁ፣ ያ መጠጥ ቶሎ ያስተኛና ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ እንቅልፉን ይሰባብረዋል።

ጥር 11 ሲደርስ ከተማው ይሞላል፣ ጠላውም በየቤቱ ነው። ታቦቱን አጅቡ፣ ግብዣ ቤት ስትገቡ ግን የምትጠጡትን ይዛችሁ ግቡ። ብርዝ ጥሩ ነው፣ በዕለቱ የተበረዘ ከሆነ፤ የከረመው ፈልቶ ጠጅ ሊሆን ይችላል።

ካገረሸባችሁ «ሰኞ እጀምራለሁ» አይሁን፤ በማግስቱ ቀጥሉ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰውና በልታችሁ እንደነበር ጻፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጻፋችሁ የሚደጋገመውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ወይም አንድ ሰዓት ነው።

ድብርቱ 2 ሳምንት አልፎም ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀ፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ሰዎች የሚከታተሏችሁ ከመሰላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን አትቅጠሩት፤ በዚያው ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ከእሱ ጋር ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።