ከዕቃ ቤት የወጣው ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ይሠሩበት የነበረውን አይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ ገዝተው ዕቃ ቤት አስቀመጡት። በየጠዋቱ ቀኑን ይጠይቃቸው እንደነበረና አረንጓዴው ስክሪን የአማርኛ ፊደል እንደማያሳይ ያወሳሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው? አሁንስ ሶኬት ላይ ብሰካው ችግር አለው?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ብንነሣ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ አይሰኩት። አስቀድመው ከሣጥኑ ጀርባ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ የኤክስቲ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ መብራት የሚያከፋፍለው ክፍል) 130 ዋት ሲሆን፣ ለ110 ቮልት አካባቢ የተሠራ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር በአገራችን 220 ቮልት ይቃጠላል። ስክሪኑም መብራት የሚያገኘው ከዚያው ከሣጥኑ ጀርባ ስለሆነ አብሮ ይጎዳል። ከዚህ ሌላ የከተማችሁ ብርድ አለ፤ ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት ወጥቶ ሞቅ ያለ ክፍል የገባ ብረት ውስጥ ውስጡን ላብ ስለሚያወጣ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይሰካ ይቆይ። በማዘርቦርዱ (በዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና እሱ ላይ በሚሰኩት ትንንሽ ሰሌዳዎች፣ ማለትም በካርዶቹ ላይ ያሉት የታንታለም ካፓሲተሮችም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ለዓመታት ሳይሠሩ ቆይተው መብራት ሲያገኙ ሾርት ማድረጋቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ አስቀድሞ በመልቲሜትር ቢለካቸው ይሻላል። ደግነቱ ማሽኑ ለመፈታት ታስቦ የተሠራ ነው፤ የኋላ ብሎኖቹ ሲወልቁ ሽፋኑ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ይወጣል።

ቀኑን የሚጠይቀው ማዘርቦርዱ ላይ ሲጠፋም ሰዓት የሚቆጥር ባትሪ ስለሌለው ነው። የሚገርመው፣ ፕሮሰሰሩ 8088 በሴኮንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሆኖ ሳለ ዛሬ ስንት እንደሆነ አያውቅም። ቀኑ ካልተነገረው የሚነሣው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። ኤክስቲ ገበያ ላይ የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ማሽኑ በየጠዋቱ ራሱ ወዳልተወለደበት ዘመን ይመለስ ነበር ማለት ነው። ባትሪ ያለው ሰዓት ማዘርቦርዱ ላይ የመጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከተከታዩ ሞዴል ከኤቲ ጋር ነው።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ጽሑፉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ካርድ ጠባይ ነው። ለአረንጓዴው ስክሪን የተሠራው የአይቢኤም ካርድ በ80 ዐምድና በ25 መስመር ጽሑፍ ብቻ ያሳያል እንጂ ሥዕል አይሥልም፤ ቅርጾቹም በአንድ ቺፕ ላይ በቋሚነት የተቀረጹ 256 ብቻ ናቸው። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ የግእዝ አኃዞችና የላቲን ፊደላት ሲጨመሩ ቦታው ከቶ አይበቃም። መውጫው እንደ ሄርኩለስ ያለ፣ ነጥብ በነጥብ የሚሥል ካርድ መሰካትና ፊደሉን በፕሮግራም መሣል ነበር። ኤክስቲ ለዚህ ዓይነቱ ጭማሪ 8 የካርድ መሰኪያ አለው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ታላቅ ወንድሙ አይቢኤም ፒሲ 5 ብቻ ነበረው።

ሣጥኑን ሲያነሡ ግን አያናጉት። የዚያ ዘመን ሃርድ ዲስክ (መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል) አንባቢ መርፌዎቹ በፕሮግራም መረጃ ወደሌለበት ቦታ ካልተሸኙ መረጃው ላይ እንዳረፉ ይቀራሉ፤ የአባትዎ የሒሳብ መዝገብም ምናልባት እዚያው 10 ሜጋባይቱ ውስጥ ይገኝ ይሆናል።