ሃኒሳክሉ አላብብ ላለሽ

እህቴ፣ «ባሕር ዳር የግቢዬ ቆርቆሮ አጥር ላይ የተከልኩት ሃኒሳክል የሚባል የአበባ ሐረግ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቅጠል እንጂ አበባ የለውም፤ ልንቀለው ወይ?» ላልሽው፦ አትንቀይው። በየወሩ እንደምትከረክሚው ግን አልጠራጠርም፤ እኛ ከተማ አጥር እንደ ፀጉር ካልተስተካከለ አጥር አይመስለንም።

1. መቀሱን አስቀምጪ። ነጭ አብቦ ወደ ቢጫ የሚለወጠው የጃፓኑ ዓይነት የሚያብበው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ቀንበጡን በቆረጥሽ ቁጥር አበባውም አብሮ ይሄዳል። በዓመት አንዴ፣ ዋናው አበባ ካለፈ በኋላ፣ ያረጀውን ሐረግ ከግርጌው ቆርጦ ማውጣት ይበቃል።

2. ፍጉን ቀንሺ። ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ይፋፋና አበባው ይቀራል፤ ለስላሳው ቀንበጥ ላይ ደግሞ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ይሰፍርበታል። ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ስጪው።

ቆርቆሮው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሃኒሳክል ተጠምጥሞ እንጂ ተለጥፎ አይወጣም፤ በመጋቢት ፀሐይ የጋለ ቆርቆሮም ቀንበጡን ይጠብሰዋል። ከቆርቆሮው 10 ሳ.ሜ. ያህል አርቀሽ ሽቦ በ30 ሳ.ሜ. ልዩነት ወጥሪለት። ቋሚው ብረት ቢሆን ይሻላል፤ ባሕር ዛፉን ምስጥ ሲጨርሰው ሐረጉ በሙሉ ይወድቃል። ማንጎ ላይ እንዳትለቂው፤ ቅርንጫፉን አንቆ ይዞ ብርሃን ይከለክለዋል። በበጋ ሥሩን ሣር አልብሰሽ ጠለቅ አድርገሽ አጠጪ። ሥሩ ከደረቀ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይወጣል።

ሻጮቹን ደግሞ አትመኚ። ሐረግ ሁሉ «ጃስሚን» ነው የሚባለው፤ መለከት የሚመስለው ቀዩ ሃኒሳክል ሽታ የለውም፣ ዋጋው ግን ያው ነው። ያበበውን፣ ያውም ሽታው በሚበረታበት ምሽት ላይ፣ አሽትተሽ ግዢ። ለጎረቤት ለመስጠት ሐምሌ ላይ 15 ሳ.ሜ. ቀንበጥ ቆርጠሽ፣ የታች ቅጠሉን አራግፈሽ፣ አንዱን አንጓ አፈር ውስጥ ቅበሪ፤ ይጸድቃል።

የሚያስፈራውም ይኸው መጽደቁ ነው። ቁራጩን ዓባይ ዳር ወይም ጣና ዳር አትጣይ፤ እርጥብ መሬት ያገኘ አንጓ ሥር ይሰዳል። እ.ኤ.አ. በ1806 ለጌጥ ተብሎ አሜሪካ የገባው የጃፓኑ ሃኒሳክል ዛሬ እዚያ የጫካ አረም ነው። እምቦጭን ላየ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

መድኃኒትነቱን ለጠየቅሽው፣ ቻይናዎች እምቡጡን ሳይፈነዳ ለቅመው ያደርቁና ለትኩሳትና ለጉሮሮ ሕመም አፍልተው ይጠጡታል። ፍሬው ግን አይበላም፤ ሆድ ያውካል። ትንንሽ ልጆች ካሉሽ ጥቁሮቹን ፍሬዎች ልጆቹ ሳይደርሱባቸው ልቀሚያቸው።