የዘሩን ስም ዛሬውኑ ጻፉት

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከዚያ በፊት የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባለው ቀወት ቆላ ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ጀምሬ መንዝ ደጋ ላይ ጨረስኩ። አሁን ከቤቴ ጀርባ አንዲት የላስቲክ ቤት አለችኝ። ውስጧ ስድስት ዓይነት ቲማቲም አለ።

ወጣቶች እየመጡ ያማክሩኛል። "ጋሼ፣ ቅጠሉ ለምን ተጠቀለለ?" "ጋሼ፣ አበባው ለምን ይረግፋል?" እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀው "ዝርያው ምንድን ነው?" ብዬ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "እኔንጃ፣ ያ ረዘም ያለው ነው" ይሆናል። ከዚያ በኋላ የምሰጠው ምክር ግማሹ ግምት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ መድኃኒትም አልጽፍላችሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የምትተክሉትን ቲማቲም በስሙ እወቁት፤ ስሙንም ጻፉት።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅበት ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ቀወት ውስጥ ትንሽ የሰርቶ ማሳያ መሬት ነበረችኝ። በዚያ ዘመን እጃችን ላይ የነበረው ዝርያ ጥቂት ነው። ማርግሎብ ተከልኩ፣ ሮማ ቪኤፍ ተከልኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን የአንዲት እናት ዘር ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። ለብዙ ዓመት ከጓሯቸው ሳይለይ የኖረ ዘር ነው። ፍሬው ጠፍጠፍ ያለ፣ ትከሻው እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተሸነሸነ። ቆዳው ወፈር ይላል። የመስኖ ተራ ዘግይቶ ሌላው ሲጠወልግ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

እማማ ፊደል አልቆጠሩም። የዘር አያያዝ ግን ያውቁ ነበር። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ በመስመሩ መሃል ቀስ ብለው ይሄዳሉ። አንዱን ግንድ ይመርጣሉ። ከጥለት የተረፈች ቀይ ክር ያወጡና ከሁለተኛው ዘለላ በታች ያስራሉ። በቃ፣ ያ ግንድ የዘር ነው። ልጅ አይነካውም፤ ለገበያም አይለቀምም። የመረጡት ትልቁን ፍሬ አይተው አልነበረም። ግንዱን ከላይ እስከ ታች፣ ቅጠሉን ገልብጠው ጭምር አይተው ነው። እኔ ኮሌጅ የተማርኩትን ነገር እሳቸው በክር ይሠሩት ነበር።

ዘራቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። "አንተ ጋ ይቀመጥልኝ፤ ወረቀት ያለህ አንተ ነህ" አሉኝ።

ፍሬው ሲደርስ የሦስቱንም ዘር በአንድ ምሽት አወጣሁ። ሦስት ኩባያ፣ ሦስት ቁራጭ ወረቀት። ወረቀቶቹን ከየኩባያው ስር አደረግኋቸው። በሦስተኛው ቀን ዘሩን ላጥብ ኩባያዎቹን ወደ ውጭ ይዤ ወጣሁ። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። አጥቤ ሦስት ሳህን ላይ ካሰጣሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። የቲማቲም ዘር ደግሞ ሁሉም አንድ ነው መልኩ። ጠፍጣፋ፣ ገብስማ፣ ጸጉር ያለው። ጎንበስ ብዬ ብዙ አየሁት፤ ምንም አልለየሁም። በመጨረሻ "ይሄ የእማማ ሳይሆን አይቀርም" ብዬ ጻፍኩበት። የቀሩትን ሁለቱን ለገበሬዎች አከፋፈልኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ የእማማን ጓሮ ወሰደው። ዘር ያስቀመጡበት ቅልም አብሮ ሄደ። "ልጄ፣ ያን ዘሬን ስጠኝ" ብለው መጡ። ሰጠኋቸው። ወራት ጠብቀው ፍሬው ሲቀላ ጠሩኝ። ድቡልቡል፣ ልስልስ ያለ ማርግሎብ ነበር። ፍሬውን በእጃቸው አገላብጠው አዩና "ይሄ የኔ አይደለም" አሉ። አልተቆጡኝም። ያከፋፈልኩትን ዘር ፍለጋ በየቤቱ ዞርኩ። አንዱ አልዘራውም። ሌላው በልቶታል፣ ዘር አላስቀረም። ጠፋ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ሕግ አለኝ። ዘር ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ሲሄድ ስሙ ቀድሞ ይሄዳል። ኩባያው ላይ ሳላጣብቅ ፍሬ አልቆርጥም። ሳህኑ ላይ ሳልጽፍ አላጥብም። ፖስታው ላይ ሳልጽፍ ከሳህኑ አላነሳም። ስም የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ላይ አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ፣ በነዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ነው።

አወጣጡን ለማታውቁት፦ በደንብ የበሰለ ፍሬ ቁረጡ። ዘሩን ከነዝልግልጉ ኩባያ ውስጥ ጭመቁት። ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር አራት አምስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ነጭ ሽፋን ያወጣል፣ ይሸታል፤ አትደንግጡ። ደህናው ዘር ወደ ታች ይዘቅጣል። በወንፊት እጠቡት። ሶፍት ላይ አታስጡት፣ ይጣበቃል። ሳህን ላይ፣ ከጠራራ ፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት። በደንብ የደረቀ ዘር በወረቀት ፖስታ ሆኖ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ቢቀመጥ አራት አምስት ዓመት ይበቅላል።

ምልክቱን በእርሳስ ጻፉ። ማርከር ያምራል፤ ግን የእኛ ፀሐይ በጥቂት ወር ውስጥ ነጭ ያደርገዋል። እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። እርሳስ ግን ይቆያል። የእርጎ ዕቃ ቆርጣችሁ ላዩን በሸካራ ነገር ፈተግ አድርጉና በእርሳስ ጻፉበት። ከዚያ የበለጠ የምትፈልጉ ከለስላሳ ቆርቆሮ ቀጭን ቁራጭ ቁረጡና በሚስማር ጫር ጫር አድርጋችሁ ጻፉ። እሱ ዝናብም ፀሐይም አያጠፋውም። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፤ ልጆች ባሉበት ተጠንቀቁ።

ምልክት ግን ብቻውን አይታመንም። ዶሮ ትነቅለዋለች። ሕፃን ይጫወትበታል። ራሳችሁም ስትኮተኩቱ ትቀብሩታላችሁ። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የጓሮውን ካርታ ሳሉ። መነሻው የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፣ የቧንቧው ቦታ ወይም የቤቱ ማዕዘን። "ከቧንቧው ወደ አጥሩ፣ 1ኛ መስመር፣ ከ1 እስከ 5 መልካ ሾላ የተባለው ዝርያ።" ይሄ ይበቃል። ካርታው ሌላም ጥቅም አለው። ድንች፣ ቃሪያ፣ በርበሬና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታቸውም ይወራረሳል። አምና የት እንደነበሩ ካላወቃችሁ ቦታ ማፈራረቅ አትችሉም።

እኔ ለእያንዳንዱ ዘር ቁጥር እሰጣለሁ። 17-4 ማለት በ2017 ዓ.ም. እጄ የገባ አራተኛው ዘር ማለት ነው። ዘሩ ቢያልቅም ቁጥሩን ለሌላ አልሰጥም። ስሙ አንድ ሆኖ ከሁለት ሰው የመጣ ዘር ሁለት ቁጥር ያገኛል። ለምን ብትሉ፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ዘሩ አንድ ነው ማለት አይደለም።

ዓመቱን ስትጽፉ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." የምትለዋን አትርሱ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ባዶውን "2017" ተብሎ የተጻፈ ፖስታ ሁለት ትርጉም አለው። በእኛ ከሆነ የትናንት ዘር ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን 2009 ወይም 2010 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ብዙው ላይበቅል ይችላል። ከሱቅ የሚገዛው ፓኬት የፈረንጆቹን ይዞ ይመጣል፤ እኛ የምናስቀምጠው የራሳችንን። ሁለቱ አንድ ካርቶን ውስጥ ሲገናኙ ሰው ይሳሳታል። የተጠራጠራችሁትን ዘር ከመጣላችሁ በፊት አሥር ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ስንቱ እንደጎነቆለ ቆጥራችሁ ጻፉ።

ፓኬቱን አትጣሉ። ደብተሩ ውስጥ ለጥፉት። ላዩ ላይ ያሉት ፊደላት ብዙ ይናገራሉ። ሮማ ቪኤፍ ላይ ያሉት "ቪ" እና "ኤፍ" ቬርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የተባሉትን ሁለት የአጠውላጊ በሽታ ፈንገሶች እንደሚቋቋም የሚነግሩ ናቸው። "ኤፍ ዋን" የሚል ካለበት ደግሞ ሃይብሪድ፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀለ ዘር ነው። እንደ ጋሊሊያና ሻንቲ ያሉት እንዲህ ናቸው። ምርታቸው ጥሩ ነው፤ እኔም አልቃወማቸውም። ግን ከፍሬያቸው ዘር ብታስቀሩ የሚወጣው እናቱን አይመስልም፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ይሆናል። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ያሉት ግን ዘራቸው ይያዛል። የቲማቲም አበባ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ይሁንና ንብ ከሌላ ዝርያ ጋር ልታዳቅለው ትችላለች። በጣም የምትሳሱለት ዘር ከሆነ አበባው ሳይፈነዳ አንዱን ዘለላ በስስ ሻሽ ሸፍኑት። ፍሬ ሲይዝ ሻሹን አንሱና ክር እሰሩበት። ቀይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ስልክ። ፎቶ ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ግን መቶ የቲማቲም ፎቶ ያለ ስም መቶ ቀይ ክብ ነው። መጀመሪያ ምልክቱን አንሱ፣ ቀጥሎ ተክሉን፣ ከዚያ ፍሬውን ለሁለት ቆርጣችሁ ውስጡን። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ደብተሩ ይቅደም።

ሰው ብዙ ነገር ልመዝግብ ብሎ ሲጀምር በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ስለዚህ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የተዘራበት ቀን፣ የተዛወረበት ቀን፣ የመጀመሪያው ፍሬ የቀላበት ቀን፣ እና ስትቀምሱት ምን እንዳላችሁ። "ቆዳው ጠንካራ፣ ለወጥ ጥሩ፣ ለሰላጣ አይሆንም" ብላችሁ ጻፉ። ከዓመታት በኋላ የሚጠቅማችሁ ይቺ መስመር ናት።

በተለይ የእኛ አገር ልጆች ይህን ልብ በሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ናት። በመሃላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ደብረ ሲናን ስታልፉ አየሩ ሁሉ ይለወጣል። እዚያ በደንብ የሚያፈራውን ቲማቲም እዚህ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ሌሊቱ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ክረምት ላይ ድንቹን የሚያጠቁረው በሽታም ቲማቲሙን አይምርም። ስለዚህ "ይሄ ዝርያ አሪፍ ነው" ሲሏችሁ "የት?" ብላችሁ ጠይቁ። የትም ተጽፎ የማታገኙት መልስ የእናንተ ጓሮ፣ የእናንተ ከፍታ፣ የእናንተ ደብተር ውስጥ ያለው ነው።

ይህ የጓሮ ሰው ጭንቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ያለው የጂን ባንክ፣ ማለትም የአገሩ ዘር የሚጠበቅበት ማከማቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቋቋም ጀምሮ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የገባው ዘር ቁጥር አለው። የተሰበሰበበት ቦታ ይመዘገባል። ባለሙያዎቹ ይህን የዘሩ ፓስፖርት ይሉታል። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲያገኙ፣ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆኖ በመጠበቅ ሥራቸው ነበር። ስማቸውን በሰማሁ ቁጥር እማማ ትዝ ይሉኛል።

ወደ ሸዋ ሮቢት በወረድኩ ቁጥር ገበያ እገባለሁ። ሣጥኖቹን እያየሁ እዞራለሁ። ትከሻው የተሸነሸነ ቲማቲም ካየሁ እገዛለሁ፤ ቆርጬ ቆዳውን በጥፍሬ እነካለሁ። እስካሁን አንዱም እሱ አልነበረም። አምና አንድ ልጅ ከአጣዬ በኩል ሦስት ፍሬ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። አያቱ ጓሮ የበቀለ ነው አለኝ። ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ትከሻው ሽንሽን ነው፤ ቆዳውም ወፈር ይላል። ኩባያው ላይ ጻፍኩ፣ ሳህኑ ላይ ጻፍኩ፣ ፖስታው ላይ ጻፍኩ። ዘንድሮ ጥር ላይ ዘራሁት። አሁን አራተኛ ቅጠሉን አውጥቷል። ቁጥሩ 17-9 ነው። የስሙ ቦታ ላይ በእርሳስ "ምናልባት የእማማ" ብዬ ጽፌበታለሁ።