መኪናዬ ተሰርቆ እኔን ለምን ይመረምሩኛል?

ጥያቄ፦ ሙሉ ሽፋን የገባሁለት መኪናዬ አዲስ አበባ ውስጥ ከቆመበት ተሰረቀ፤ የኢንሹራንሱ መርማሪ ግን ሁለቱንም ቁልፎች፣ ሊብሬውንና የዚያን ምሽት እንቅስቃሴዬን ይጠይቀኛል። በገዛ ንብረቴ ተጠርጥሬ ይሆን?

መልስ፦ ጥያቄዎቹ ቅር ቢያሰኙም የተለመዱ ናቸው። ቁልፎቹን የሚፈልጉት መኪናው ያለ እርስዎ ፈቃድ መወሰዱን ለማጣራት ስለሆነ፣ አንዱ ቀደም ብሎ ጠፍቶ ከነበረ መቼና እንዴት እንደጠፋ በጽሑፍ ያስረዱ። ለፖሊስ የሰጡት ቃል ለመርማሪው ከሚሰጡት ጋር በሰዓትም ሆነ በቦታ ከተለያየ ጥርጣሬ መጫሩ አይቀርምና፣ የማያስታውሱትን በግምት አይሙሉ። የሚያስረክቡትን ሰነድ ሁሉ ቅጂ ያስቀሩ፤ የተረከበውንም ሠራተኛ ያስፈርሙ። የንግድ ሕጉ ካሳው ንብረቱ በአደጋው ዕለት ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ስለሚከለክል፣ በተገዛበት ዋጋ መሟገት በእኔ እምነት ብዙም አያዋጣም። ምርመራው ቢጓተት ደግሞ በመድን ውል ላይ የሚቀርብ ክስ በ2 ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ አይዘንጉ።