ድድሽ ስለደማ ብሩሹን አትተዪው

እህቴ፣ «ስቦርሽ ድዴ ይደማል፣ ከታች ፊት ለፊት ያለው አብጧል፤ ብሩሽ ላቁም ወይስ እንደሚሉኝ ልነቀሰው?» ላልሽው፦ ሁለቱም ይቅርብሽ።

ብዙ ጊዜ ድድ የሚደማው ቀድሞ ስለተቆጣ ነው፤ ብሩሹ ያሳብቅበታል እንጂ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ ነጣ ያለ፣ የሚያሟልጭ የባክቴሪያ ሽፋን ይጋገራል። ገና ለስላሳ ሳለ በጥፍር እንኳ ይነሳል። ካደረ ግን ከምራቅ ማዕድን እየጠጣ በቀናት ውስጥ ይጠጥራል፤ ታርታር የሚባለው እሱ ነው። ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ የሚበዛውም የምራቅ መውጫው እዚያው ምላስ ሥር ስለሆነ ነው። በምላስሽ ዳብሺው፣ ከሻከረሽ አለ ማለት ነው። ይህን ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም፤ ክሊኒክ ሄዶ መታጠብ ብቻ ነው። «ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚባለው ታርታሩ ደፍኖት የነበረው ክፍተት ሲገለጥ ነው።

ንቅሳት ድዱን ያጠቁረዋል፣ ታርታሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይባስ ብሎ ቅላቱን ስለሚሸፍን በሽታው ሲብስ አይታይሽም። መርፌው ለሌላ ሰው ውሎ ከሆነ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ አለ።

ለስላሳ ብሩሽ ያዢ፤ ፀጉሩን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ አዘንብለሽ፣ ሳትጫኚ፣ ባጭር ባጭሩ እያንቀሳቀስሽ በቀን 2 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ። የሚደማውን ቦታ አትዝለዪው። በጥርስ መሐል በቀን አንዴ የጥርስ ክር አስገቢ። መጀመሪያ ሰሞን ይደማል፤ ታርታር ከሌለ ግን በ1 ወይም 2 ሳምንት ያቆማል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ መጉመጥመጥ ያስታግሣል፣ ቆሻሻውን ግን አያነሳም። ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን ባክቴሪያ ገዳይ መጉመጥመጫ ከ2 ሳምንት በላይ ከተጠቀምሽ ጥርስሽን ቡናማ ሊያደርገው ይችላል።

እርጉዝ ከሆንሽ ሆርሞኑ ድድን ያሳብጣል፤ ጥርስ ማሳጠብ አይከለከልም። የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይን ድድ ሊያፋፉ ይችላሉ፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት አስፕሪንና ዋርፋሪን መድማቱን ያበዙታል። በራስሽ አታቋርጪ፣ ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪ። ቶሎ ቶሎ የሚጠማሽና የሚያሸናሽ ከሆነ ስኳርሽን ተለኪ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ አልደማም ብሎ አይመን፤ ሲጋራ የደም ሥሩን ስለሚያጠብ መድማቱን ይደብቀዋል።

መግል ከወጣ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ ሳትውዪ ሳታድሪ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ትኩሳት፣ ነስር፣ ሳትመቺ ሰውነትሽ ላይ የሚወጣ ብልዝ ካለ ግን ከጥርስ እጥበቱ በፊት ሙሉ የደም ምርመራ ይቅደም።